ክርስቲያኑ ፓርቲና የስደተኛው ሃምሳ ዩሮ
(ሙኒክ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር)



ባየርንን የሚመራው ፓርቲ «ክርስቲያን ሶሻል ኅብረት» ይባላል፤ ክርስትናን ከስሙ ጀምሮ የለበሰ ነው። ይኸው ፓርቲ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለጥገኝነት ጠያቂዎች የክፍያ ካርድ አደለ። በካርዱ ዕቃ ይገዛል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን በወር ከ50 ዩሮ በላይ አይወጣበትም፤ ወደ ውጭም አይላክበትም።

ምክንያታቸውን አልደብቃችሁም። የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለስደተኛው መኖሪያ እንጂ ለደላላና ለአገር ቤት ዘመድ አይሁን ነው የሚሉት። ደላላውንስ እኛም አንወደውም። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ በጋራ መጠለያ ያለ ላጤ በወር የሚያገኘው 400 ዩሮ ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ምን ተርፎት ይልካል? የበርሊኑ የኢኮኖሚ ጥናት ተቋም በ2024 እንዳወጣው፣ በ2021 ወደ ውጭ ገንዘብ የላኩት ስደተኞች 7 ከመቶ ብቻ ናቸው። ታዲያ ለደረቀ ወንዝ ግድብ ይሠራል እንዴ?

ሠርተን የምናድረውን ካርዱ አይነካንም። ለናቱ መላክ ያቃተውን ልጅ ግን እናውቀዋለን፤ እናግዘው። ዜግነት ያለን ደግሞ ድምፅ አለን። ክርስትናቸውን በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው እንዲያሳዩን በምርጫ እንጠይቃቸው!