የመኪናን ኤሌክትሪክ ከመንካታችን በፊት

(ለጎርጎራና ለአካባቢዋ ገበሬዎች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪናና ስለ ትራክተር ኤሌክትሪክ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ይህ የመካኒክ ጉዳይ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከአዘዞ ተነሥቶ በቆላ ድባና በጯሂት አልፎ ጎርጎራ የሚደርሰው መንገድ እህላችንን ገበያ ያወጣል፤ በሽተኛችንን ጎንደር ያደርሳል። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የሚቸገረው ባለመኪናው ብቻ አይደለም። ትራክተር ሲበላሽም ዝናቡ ቆሞ አይጠብቀንም።

የድሮው መኪና ብልሽት ብዙውን ጊዜ በዓይን ይታይ፣ በጆሮ ይሰማ ነበር። አሁን ያሉት ብዙዎቹ ግን አእምሮ አላቸው። አእምሯቸው በትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ነው። ሞተሩ ምን ያህል እንደ ሞቀ፣ ነዳጁ ምን ያህል እንደሚረጭ በቀጫጭን ሽቦዎች እየጠየቀች የምታዝ እሷ ናት። ሣጥኗ የምትሠራው በትንሽ ኃይል ነው። ብዙ ኃይል በድንገት ከገባባት ትቃጠላለች። ስትቃጠል አትጮህም፤ ሁልጊዜም አትጨስም። ዋጋዋ ግን ከባድ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በእርሻ ወራት የትራክተሩ መጎተቻ ተሰበረ እንበል። በያጅ ተጠርቶ መጣ። ባትሪው እንደ ተገጠመ ብየዳውን ጀመረ። ብረቱ ተበየደ፤ ትራክተሩ ግን አልነሣም አለ። ለምን? የብየዳው ኤሌክትሪክ በብረቱ አልፎ ሣጥኗ ድረስ ስለ ሄደ ነው። ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ሲባል እርሻው ቆመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናስታውስ።

1ኛ. ከብየዳ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ይነቀል፤ ሁለቱም የባትሪ ገመዶች ይፈቱ። የአምራቹ መመሪያ ሣጥኗም ትነቀል ካለ ትነቀል።

2ኛ. ባትሪ ሲፈታ በመጀመሪያ የመቀነስ (−) ገመድ፣ ቀጥሎ የመደመር (+) ገመድ ይፈታል። ሲገጠም ደግሞ መደመሩ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መፍቻው የመኪናውን አካል ሲነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይፈጠራል።

3ኛ. ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አይነቀል። ቀድሞ ዲናሞውን ለመፈተን እንዲህ ያደርጉ የነበሩ አሉ። በአሁኑ መኪና ግን ከዲናሞው የሚነሣው ድንገተኛ ኃይል ሣጥኗን ሊያቃጥል ይችላል።

4ኛ. ከሌላ መኪና ኃይል ስንዋስ ቮልቱን እንይ። የትናንሽ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ 12፣ የብዙ ጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ነው። 12ቱን ከ24ቱ ጋር ማገናኘት፣ መደመርንም ከመቀነስ ጋር ማገናኘት ጥፋት ያመጣል።

5ኛ. ፊውዝ ሌላውን ለማዳን ራሱ የሚቃጠል ዘበኛ ነው። በተቃጠለው ምትክ ሽቦ ጠምጥሞ መክተት ዘበኛውን አባርሮ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ተነቦ፣ ያንኑ የመሰለ ይተካ። እነሆ፣ ማንበብ የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው!

6ኛ. መኪናን ጣና ዳር አቁሞ ሞተሩን በኃይለኛ ውሃ መርጨት ይቅር። ውሃ በሽቦ መገናኛ ከገባ ዝገት ያመጣል። ዘይቱም ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

7ኛ. ባትሪ ሲሞላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። በአጠገቡ ክብሪት አይጫር፤ ሲጋራም አይጨስ። አሲዱ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ደግሞ ስለ ምርመራ እንናገር። በሬ ቢያነክስ እግሩን አንሥታችሁ እሾህ ትፈልጋላችሁ እንጂ በሬውን አታርዱም። መኪናም እንዲሁ ነው። በሹፌሩ ፊት የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ባለሙያው በመመርመሪያ መሣሪያ የብልሽቱን ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ የሚያሳየው የት እንደሚፈለግ ነው እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሚጣል አይደለም። ምናልባት ሽቦውን አይጥ በልታው፣ ወይም የባትሪው ገመድ ላልቶ ይሆናል። ስለዚህ «ይህ ዕቃ ይቀየር» ስትባሉ «ሽቦውና ፊውዙ ታይተዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለ ከለከለች በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት እየበዙ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ያሉት ብርቱካናማ ወፍራም ሽቦዎች በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ። ይህ ሰው ይገድላል። የሠለጠነ ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይንካቸው።

ወገኖቼ፣ ሁላችንም መካኒክ እንሁን አላልኩም። ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ባትሪው ይፈታ» የሚል አንድ ሰው ከመካከላችን ቢገኝ ትራክተሩም ይድናል፤ እርሻውም አይቀርም። ያ ሰው እናንተ ሁኑ።

ጥያቄዎች
ሀ. ከብየዳ በፊት ምን ይደረጋል? ለምን?
ለ. በፊውዝ ምትክ ሽቦ መጠምጠም ምን ጉዳት አለው?
ሐ. በቀበሌያችሁ ያለ መኪና ወይም ትራክተር በምን ምክንያት ቆሞ ያውቃል? ተወያዩበት።