መብራቱን ማን ነው ያበራው? የሜይን ጠረፍ ጉዟችን

(ከማህበራችን አባላት አንዷ በሩብ ዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረበችው ንግግር)



ባለፈው መስከረም አሥራ አራት ሆነን በአንድ ቫን ወደ ሜይን ግዛት ሄደን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በባሕሩ ዳርቻ ያሉትን ጥንታዊ የመብራት ማማዎች፣ እዚህ አገር ላይትሃውስ የሚሏቸውን፣ ስንጎበኝ ቆይተን ተመለስን። ያየነውን እንድነግራችሁ ኮሚቴው አዞኛል። «ድንጋይና ውኃ ለማየት ይህን ያህል መንገድ?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ እሰጥበታለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ የጉዞውን ወጪ የከፈልነው ከየኪሳችን ነው፣ ከለቅሶና ከሕመም ገንዘባችን አንድ ሳንቲም አልተነካም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምነግራችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አብዛኞቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ከቦስተን ወደ ሰሜን ሲኬድ ያለው ጠረፍ በአብዛኛው እንደ ፖስትካርድ አሸዋ የተነጠፈበት አይደለም። ጥቁርና ግራጫ አለት ነው፣ ተሰነጣጥቆ ባሕሩ ውስጥ የገባ። በሺህ የሚቆጠሩ ደሴቶች አሉት፤ ከውኃው በታች ደግሞ የማይታይ ሌላ አለት አለ። በዚያ ላይ ጉሙ ሲወርድ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። በመርከብ በሚነገድበት ዘመን በዚህ ጠረፍ ያለቀው ሰው ብዙ ነው። ማማዎቹ የተሠሩት ለዚህ ነው፤ መርከበኛው በሌሊት የት እንዳለ እንዲያውቅ። ሜይን ውስጥ ዛሬም ከ60 በላይ የመብራት ማማዎች ቆመው ይገኛሉ።

መጀመሪያ የቆምነው ዮርክ በሚባለው ከተማ ነው። ነብል የሚሉት ማማ በ1879 የተሠራ ሲሆን፣ የቆመው ከየብስ በጠባብ የባሕር መተላለፊያ በተለየች ትንሽ የድንጋይ ደሴት ላይ ነው። ጎብኚ አይሻገርም፤ ከወዲህ ማዶ ካለው መናፈሻ ሆኖ ያያል። ጠባቂዎቹ ዕቃ የሚያሻግሩት በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ሣጥን ነበር። በ1960ዎቹ አንድ ጠባቂ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው በዚያው ሣጥን አስቀምጦ እንደነበር ሲነግሩን፣ ከመካከላችን ሦስቱ እናቶች አንድ ላይ «ወይኔ!» አሉ። በኋላ አለቆቹ ሰምተው ከልክለውታል።

ከዚያ ወደ ፖርትላንድ ሄድን። ኬፕ ኤሊዛቤት ላይ ያለው ፖርትላንድ ሄድ የሚባለው ማማ በሜይን ከሁሉም የሚቀድም ነው። በፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ዘመን ተሠርቶ ጃንዋሪ 10 ቀን 1791 መብራቱ ተለኮሰ። ከ1869 ጀምሮ የስትራውት ቤተሰብ ጠበቀው፤ አባት ጆሹዋ ዋና ጠባቂ፣ ሚስቱ ሜሪ ረዳት ጠባቂ፣ ቀጥሎም ልጃቸው። በ1886 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ሌሊት አኒ ሲ. ማጓየር የምትባል መርከብ ከማማው ሥር ካለው አለት ጋር ተጋጨች። የስትራውት ቤተሰብ ወጥተው መሰላል እንደ ድልድይ ዘርግተው በመርከቧ ላይ የነበሩትን በሙሉ አተረፉ። የመርከቧ ስም ዛሬም አለቱ ላይ በቀለም ተጽፎ ይታያል። ማማው ከ1989 ወዲህ ያለ ጠባቂ በራሱ ይሠራል፤ የጠባቂዎቹ ቤትም ሙዚየም ሆኗል።

በማግስቱ ፔማኩዊድ ደረስን። እዚያ ያለው አለት እንደ ተገመሰ እንጀራ ድርብርብ ሆኖ እስከ ባሕሩ ይወርዳል። የመጀመሪያው ማማ በ1827 ተሠርቶ ዕድሜው ስምንት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም፤ ኖራውን ያቦኩት በጨው ውኃ ስለነበር ግንቡ ተፈረካከሰ። በ1835 ሁለተኛው ሲሠራ ግንበኛው የጨው ውኃ ላይጠቀም ውል ገባ። ያ ግንብ ይኸው እስከ ዛሬ አለ፤ በ2003 በወጣው የሜይን የ25 ሳንቲም ገንዘብ ላይም ምስሉ ተቀርጿል። ቦርሳችሁን ብትፈትሹ ልታገኙት ትችላላችሁ። በጃንዋሪ 2024 የተነሣው ማዕበል ከማማው አጠገብ ያለውን የደወል ቤት ግድግዳ አፍርሶ ነበር። ባሕሩ ዛሬም ያው ባሕር ነው።

የመጨረሻው ሮክላንድ ነበር። እዚያ የባሕሩን ማዕበል ለመስበር ከግራናይት ድንጋይ የተሠራ አንድ ማይል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ግድብ አለ፤ ጫፉ ላይ በ1902 የተሠራ የመብራት ቤት ቆሟል። በእግር ይደረሳል። ከተማው ውስጥ ደግሞ የመብራት ማማዎች ሙዚየም አለ፤ እኔ ብዙ የቆየሁት እዚያ ነው።

ከመብራቶቹ ዕቃዎች መካከል ፍሬኔል የሚባለው ሌንስ አለ። ኦጉስተን ፍሬኔል የተባለ ፈረንሳዊ በ1822 የፈጠረው ነው። በብዙ የተቀረጹ ብርጭቆዎች የተገጣጠመ ትልቅ የንብ ቀፎ ይመስላል። በየአቅጣጫው የሚበተነውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ባሕሩ ስለሚልከው አንዲት ፋኖስ ከብዙ ማይል ርቀት ትታያለች። ታዲያ ያንን ብርጭቆ በየቀኑ የሚወለውል፣ የክሩን ጫፍ የሚከረክም፣ ጥላሸቱን የሚጠርግ፣ ዘይቱን ተሸክሞ ደረጃውን የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ የዓሣ ነባሪ ዘይት፣ በኋላ የአሳማ ስብ ዘይት፣ ቀጥሎ ላምባ ነበር የሚነደው። ይህን ሥራ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በልጅነቷ የፋኖስ ብርጭቆ በጋዜጣ ያልወለወለች፣ ክር አጭሳ ያልተቆጣች ከመካከላችን ማን አለች? አንዲት እናታችን የሙዚየሙን መቀስ አይተው «ይኼማ የእኔ ሥራ ነበር» አሉ።

አቢ በርጀስ የምትባለውን ልጅ ታሪክ ያነበብኩት እዚያው ነው። አባቷ ማቲኒከስ ሮክ በሚባል ዛፍ የማይበቅልበት አለት ላይ የመብራት ጠባቂ ነበር። ቦታው ከየብስ በጣም ይርቃል። በጃንዋሪ 1856 አባትየው ስንቅ ሊያመጣ በጀልባ ሮክላንድ ሄደ። አቢ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ቤት የቀሩት ታማሚ እናቷና ሦስት ታናናሽ እህቶቿ ናቸው። ማዕበል ተነሣና ባሕሩ አለቱን ሁሉ አለበሰው። አቢ እናቷንና እህቶቿን ወደ ማማው አስገባች፤ አሮጌውን ቤት ውኃው ጠርጎ ወሰደው። ባሕሩ ጥቂት ፋታ ሲሰጥ ወጥታ ዶሮዎቿንም አተረፈች። አባቷ ለአራት ሳምንት ያህል መመለስ አልቻለም። በሁለቱ ማማዎች 28 ፋኖሶች ነበሩ። በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ አንድም ሌሊት መብራቱ አልጠፋም።

ደመወዝ የሚበላው ጠባቂ ግን አባትየው ነበር። በ1861፣ ሊንከን ሥልጣን ሲይዝ፣ ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አቢ ለአዲሶቹ ሥራውን ልታሳይ ቀረች፤ የአዲሱን ጠባቂ ልጅ አገባች፣ እርሷም በስሟ ረዳት ጠባቂ ሆና ተሾመች። በ1875 ኋይትሄድ ወደሚባል ሌላ ማማ ተዛውረው እስከ 1890 ሠርተዋል። ዛሬ ሮክላንድ ወደብ ላይ በስሟ የተሰየመች የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ አለች።

አቢ ብቻ አይደለችም። እዚሁ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕሊመዝ ላይ ሐና ቶማስ ባሏ በ1776 በጦርነቱ ሲሞት መብራቱን ተረክባ ጠብቃለች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የመብራት ጠባቂ የምትባለው እርሷ ናት። በሮድ አይላንድ፣ ኒውፖርት፣ አይዳ ልዊስ አባቷ በስትሮክ ከወደቀ በኋላ ከእናቷ ጋር ሆና መብራቱን ስታበራ፣ አባቷን ስታስታምም ሃያ ዓመት ያህል ኖረች፤ በራሷ ስም የተሾመችው በ1879 ነው። በጀልባ እየቀዘፈች ከሞት ያወጣቻቸው ሰዎች 18 ናቸው ይባላል። በዚህ አገር ከ100 የሚበልጡ ሴቶች ዋና ጠባቂ ሆነው ተሹመዋል፤ ብዙዎቹ ባሎቻቸው ወይም አባቶቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። ሳይሾሙ የሠሩትን ሚስቶችና ልጆች ግን የቆጠራቸው የለም።

እህቶቼ፣ አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ።

ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን በሌሊት ፈረቃ ሰው ስናስታምም የምናድር? ስንቶቻችን ነን ከዚያ ተመልሰን ቤት ውስጥ ሌላ ታማሚ የሚጠብቀን? ከአሥራ አራታችን አንዷ (ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምናገረው) ባሏ ስትሮክ ከመታው ስድስት ዓመቱ ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ከቤቷ ውጪ አድራ አታውቅም። እርሷ መጓዝ የቻለችው ሁለት አባሎቻችን ተራ ገብተው፣ አንዷ ቀን አንዷ ሌሊት፣ እርሱን ስለጠበቁላት ነው። ፔማኩዊድ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳትናገር ባሕሩን አየች። ማናችንም አላናገርናትም። ቫኑ ውስጥ ስንገባ «ስልኬ አልጮኸም» አለች። ለጥያቄያችሁ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ድንጋይና ውኃውን ያየነው ሁላችንም ነን፤ እርሷ ግን ያረፈችው እነዚያ ሁለቱ ስለቀሩላት ነው።

እነዚያ ሁለቱ የሠሩት ሥራ የት ተጻፈ? የትም። ባለፈው ዓመት ከመሥራቾቻችን አንዷ እናታችን ሲያርፉ፣ በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ለማዘጋጀት የማህበሩን መዝገብ ገለጥን። ያገኘነው የወር መዋጮ ብቻ ነው፤ በዚህ ወር ከፍለዋል፣ በዚህ ወር ከፍለዋል። በስንት ለቅሶ ቤት ወጥ እንደሠሩ፣ ለስንት አራስ ገንፎ እንዳገነፉ፣ ስንት አዲስ መጥ እህት ቤታቸው እንዳሳደሩ መዝገቡ አያውቅም። የመብራት ጠባቂዎቹ እንኳ የየቀኑን አየርና ሥራ የሚሞሉበት መዝገብ ነበራቸው፤ የእነ አቢን ታሪክም ያወቅነው ሰው ስለጻፈው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለውሳኔ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከገንዘብ መዝገባችን ጎን አንድ የሥራ ደብተር ይከፈት። ጸሐፊዋ በየስብሰባው ማን ማንን እንዳስታመመ፣ ማን ከማን ጋር እንዳደረ በአንድ መስመር ትጻፍ። የታማሚ ስምና የሕመም ዓይነት አይጻፍ፤ የሠራችዋ ስምና ቀኑ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የአስታማሚ እፎይታ ተራ ይቋቋም። በዓመት ሁለት ቀን የምትሰጥ እህት ትመዝገብ፤ ቤት ውስጥ ታማሚ ያላት ሁሉ በዓመት አንዴ እንኳ ወጥታ ትደር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የለ?

ማማዎቹን ዛሬ የሚጠብቃቸው ማን መሰላችሁ? መንግሥት ብዙዎቹን መያዝ ሲያቅተው፣ በ1998 ብቻ በሜይን 28 የሚሆኑትን ለከተሞች፣ ለማህበራትና ለሌሎች ተቋማት አስረክቧል። የሮክላንዱን የመብራት ቤት የሚቀቡት፣ የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ እንደኛው መዋጮ እያዋጡ።

በሚቀጥለው ዓመት መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር ልስጥ። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የሜይን ማማዎች በር የሚከፈትበት ቀን አለ፤ በሌላ ጊዜ ብዙዎቹ ውስጣቸው አይገባም። የሮክላንዱ ግድብ መደገፊያ የለውም፣ በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት አለ። ጉልበቷን የሚያማት እናት ከመግቢያው ሆና ብታይ ይሻላል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ ማንም አትግባ። ፔማኩዊድ ላይ እርጥብና ጥቁር ድንጋይ ላይ አትቁሙ፤ ማዕበሉ ሳይታሰብ መጥቶ ሰው ወስዷል። በነሐሴም ቢሆን ሹራብና ነጠላ ያዙ። በየመንገዱ የሚሸጠው ሎብስተር ነው፤ ብዙዎቻችን ስለማንበላው ስንቃችንን ይዘን ነበር፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ በፔርሙስ ቡና። ፖርትላንድ ሄድ መናፈሻ ላይ ስኒ ደርድረን ስንቀዳ አንዲት የአገሩ ሴትዮ ሽታው ስቧት መጥታ አብራን ጠጥታለች።

የምዝገባው ወረቀት በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ መሄድ ለምትፈልግ፣ ሌላው ለምትሄደዋ ቀርታ ለምትጠብቅላት። እኔ በዚህኛው ዓመት የተመዘገብኩት በሁለተኛው ነው።