የጦር ሐኪም ሽጉጥ

ከጊንጪና ከጭልሞ እስከ አምቦ ለምትከታተሉን ሁሉ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሐኪም ሽጉጥ ይታጠቃል?

የጦር ሐኪም ከሆነ ሕግ ይፈቅድለታል። በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች መሠረት ቀላል መሣሪያ መያዝ ይችላል፤ ግን ራሱንና ቁስለኞቹን ለመከላከል ብቻ። በጠላት እጅ ቢወድቅም የጦር ምርኮኛ አይባልም። የሚከብደው ሌላው ግዴታ ነው፦ ማን ቀድሞ ይታከም የሚለውን የሚወስነው ቁስሉ እንጂ የደንብ ልብሱ አይደለም። ጓድህ አጠገብህ እያቃሰተ፣ የባሰ የቆሰለውን ጠላት ማስቀደም! በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል።

አገራችን የጦር ሐኪሞችን ፈተና ከእነዚህ ስምምነቶች ቀድማ አይታለች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው ሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ ጣልያን ሊወረን ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። በዚያው ዓመት ዶክተር መላኩ በያን ከአሜሪካው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው ተመለሱ፤ ጦርነቱ ሲነሳም በምሥራቁ ግንባር ቁስለኞችን አከሙ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የስዊድን ቀይ መስቀል ካምፕ መልካ ዲዳ ላይ በቦምብ ተደበደበ። እዚሁ የአምቦ መንገዳችን ላይ ካለው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖች ወራሪውን ለመዋጋት በተሰለፉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ደግሞ መሪው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። የእንስሳት ሐኪም መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዛሬ ሠራዊቱ በቢሾፍቱ የራሱ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ በአዲስ አበባም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለው። የአምቦ የሕክምና ተማሪዎች፣ የቅጥር ማስታወቂያ ካያችሁ ከደመወዙ በፊት የአገልግሎት ዘመኑን አንብቡ፤ ትዳር ያላችሁ ደግሞ ከባለቤታችሁ ጋር ሆናችሁ።