«እስከ አስተምህሮ ነኝ»፦ ሳይዘለቁ ስለቀሩ መጻሕፍት



ዛሬ የማቀርበው ከጥናት ይልቅ ለኑዛዜ የቀረበ ነው። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ለአራት ዓመታት አስተምሬያለሁ። በእነዚያ አራት ዓመታት መጽሐፉን አንብቤ አልጨረስኩትም ነበር።

«አደፍርስ» የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢውን እጁን ይዞ የሚመራ ተራኪ አለው። (ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከልን በጆሯችን ብቻ የምናውቀው ሰዎችም «አንብበነዋል» እንላለን፤ ይህ ሌላ ኑዛዜ ነው።) ዳኛቸው ግን አንባቢውን ደብረ ሲና አካባቢ ከሰዎች ጨዋታ መካከል ያስቀምጠውና ይሄዳል። ለማስተማር የመጣው ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አደፍርስ ይከራከራል፣ ወይዘሮ አሰጋሽ ይመልሳሉ፣ ሌላው ይቀጥላል። ለእኔ ለፋርጣው ልጅ የሸዋ ገጠር ቃላት ራሳቸው ዳገት ነበሩ።

መጽሐፉን መተዌ አይደለም የሚያሳፍረኝ። ፈረንሳዊው ደራሲ ዳንኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ሥራ ከዘረዘራቸው አሥር የአንባቢ መብቶች ሦስተኛው መጽሐፍን አለመጨረስ ነው። መብቱን እቀበላለሁ፤ እኔ ግን ደመወዝ እየበላሁበት ነበር።

ለምን ደበቅሁት? በእኛ አገር፣ ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ መጽሐፍ ይዘለቃል። ዳዊት የዘለቀ ልጅ ጠላ ተጠምቆ፣ ዘመድ ተጠርቶ ይመረቅለታል። መቶኛው መዝሙር ላይ አቋርጦ በግ ጥበቃ የገባው ልጅ ድግስ የለውም፤ መቶ መዝሙር ማወቁንም የሚቆጥርለት አይገኝም። ይህ ልማድ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከትሎናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ከመምህራን መካከል «አልጨረስኩትም» የሚል ሰው እምብዛም ሰምቼ አላውቅም፤ «ጥልቅ መጽሐፍ ነው» ሲባል ግን በየጊዜው እሰማለሁ። «ጥልቅ» የሚለው ቃል ገጽ ሃምሳ ላይ መቆምን እንዴት እንደሚሸፍን ከራሴ አውቃለሁ።

አባቴ ግን እንዲህ አልነበሩም። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ወደሚገኘው ቤተ ልሔም ሄደው፣ አያቴ በመሞታቸውና እርሻው ሰው በማጣቱ ሳያስመሰክሩ ተመለሱ። የያሬድ ድጓ የዓመቱን በዓላት ተከትሎ ከዮሐንስ ይጀምራል፣ ወደ አስተምህሮ ይሻገራል፣ ከዚያም ፋሲካን ይይዛል። አባቴን ስለ ድጓ የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «እኔ እስከ አስተምህሮ ነኝ።» እስከዚያ ያለውን ለጎረቤት ልጆች ያለ ስስት ያሳዩ ነበር፤ ያለፈውን የጠየቃቸውን ወደ ሌላ መምህር ይልካሉ። በልጅነቴ ይህ መልሳቸው ያሳፍረኝ ነበር።

በአራተኛው ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ የ«አደፍርስ»ን ፍጻሜ እንዴት እንደምረዳው ጠየቀችኝ። ከአንድ የሂስ ጽሑፍ የቃረምኩትን ዓረፍተ ነገር የራሴ አስመስዬ መለስኩላት። ጽፋ ያዘችው። በፈተናውም ያንኑ መልሳ ጻፈችልኝ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

በዚያው ክረምት፣ ጉና በጉም ተሸፍኖ ሰው ከቤት በማይወጣበት ወቅት፣ ዓይናቸው ለደከመው አባቴ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። የሚናገረው ማን እንደሆነ ሳልነግራቸው ወይዘሮ አሰጋሽን ከአነጋገራቸው ይለዩዋቸው ነበር። እኔን ያቆሙኝ ቃላት እሳቸውን አሳቁአቸው። በዓይኔ ብቻ ይዤው የነበረው መጽሐፍ የሚደመጥ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሁሉንም ወደድኩት ማለቴ አይደለም። ስለ ሥልጣኔና ስለ ባህል የሚካሄዱት ረጃጅም ክርክሮች ዛሬም ያደክሙኛል፤ አባቴም አንደኛው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አሁን ግን ያልወደድኩትን ከነገጹ ማሳየት እችላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ መጽሐፉን ካልጨረሱ የቆሙበትን ገጽና ያቆማቸውን ነገር እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ፤ ነጥብ አይቀነስባቸውም። አንዱ «የሚናገረው ማን እንደሆነ ጠፋብኝ» ብሎ ጻፈ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዘን ስለ ተራኪ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተወያይተናል።

ያቺ ተማሪ ተመርቃ ሄዳ ነበር። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላትና ያኔ የሰጠኋት መልስ የእኔ እንዳልነበረ፣ መጽሐፉንም እንዳልጨረስኩት ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «መምህር፣ እኔም እኮ የጠየቅኩዎት ስላልጨረስኩት ነበር» አለችኝ።