የቢስክሌተኛ ገጣባ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከቢስክሌት ክበብ አባላት አንዱ ያደረገው ንግግር)





በዛሬው በዓል ላይ ስለ ቢስክሌት ክበባችን ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ዋንጫና ስለ ድል የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ቢስክሌተኛ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ነገር ግን ማንም ደፍሮ የማያነሣውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ረዥም መንገድ በሚነዱ ሰዎች መቀመጫና ጭን ላይ የሚወጣው ቁስል ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትሥቁ ይታየኛል። ግድ የለም፤ እኔም ተራው እስኪደርሰኝ ድረስ ሌላው ሲያነክስ እያየሁ እሥቅ ነበር።

ገበሬ አህያው ከገበያ ስትመለስ አስቀድሞ የሚያየው ጀርባዋን ነው። ጭነቱ ልጧት እንደ ሆነ ገጣባ እንዳይሆንባት ያሳርፋታል፤ ዳግመኛ ሲጭናትም ከጭነቱ በታች ለስላሳ ነገር ያነጥፍላታል። አህያዪቱ ሕመሟን የምትናገርበት አፍ የላትም፤ ባለቤቷ ግን ያይላታል። እኛ አፍ እያለን ዝም እንላለን። በዚህ ነገር ከአህያ እናንሳለን ብል አትቀየሙኝ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የምወቅሰው ራሴን ነውና።

ባለፈው ዓመት ክበባችን ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጎንደር ለመግባት አሰበ። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚህም ቅዳሜና እሑድ ልምምድ እናደርግ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በመቀመጫዬ ላይ ቆዳዬ ቀላ፤ ላብ ሲነካውም ያቃጥለኝ ጀመር። ለአሠልጣኛችን ብነግረው ከጉዞው ያስቀረኛል ብዬ ፈራሁ፤ ለእናቴ እንዳልነግራት አፈርሁ። ስለዚህ በራሴ ሐኪምነት ሎሚ ቀባሁበት። ሎሚው እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ እንጂ አላዳነኝም። ቅላቱ ብጉር ሆነ፤ ብጉሩም ብጉንጅ ሆነ። እናቴ፣ «ምነው ልጄ፣ እንደ ሽማግሌ የምትራመደው?» ብላ ስትጠይቀኝ «እግር ኳስ ስንጫወት ወድቄ ነው» አልኋት።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ወረታ ሳንደርስ ኮርቻው ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ጥቂት መንገድ ፔዳሉ ላይ ቆሜ ነዳሁ፤ በመጨረሻም ቢስክሌቴን ዕቃ በያዘው መኪና ላይ አስጫንሁ። ጓደኞቼ ጎንደር በጭብጨባ ሲገቡ እኔ ከሻንጣዎች መካከል በሆዴ ተኝቼ ገባሁ። በማግሥቱ ሐኪም ብጉንጁን በስቶ መግሉን ካወጣ በኋላ፣ «ልጄ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ብትናገር ኖሮ ዕረፍትና ለብ ያለ ውሃ ይበቃህ ነበር» አለኝ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት ለካ ስለ እኔ ኖሯል።

ይህ ቁስል ከምን ይመጣል? ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ እነርሱም ጫና፣ ፍትጊያና እርጥበት ናቸው። ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሰውነታችን ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። በአጥንቱና በኮርቻው መካከል ያለው ቆዳ ይጨቆናል፤ ደምም እንደ ልብ አይዘዋወርበትም። እግራችን ፔዳሉን በመታ ቍጥር ደግሞ ቆዳው ከጨርቁ ጋር ይፋተጋል፤ ይህም በአንድ ሰዓት ውስጥ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ነው። ላብ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ ቆዳም ቶሎ ይላጣል። በዚህ ጊዜ በቆዳችን ላይ የሚኖሩ ጀርሞች በተላጠው በኩልና በጠጉር ሥር ይገባሉ። ስለዚህ ነገሩ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ቅላትና ማቃጠል፣ ቀጥሎ ብጉር፣ በመጨረሻም መግል የቋጠረ እባጭ ይሆናል። በመጀመሪያው ደረጃ ያቆመው ሰው ብልህ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለምን?

ይህ የጀማሪ ሰው ሕመም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዘመኖቹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ልጥራና፣ ፈረንሳዊው ሉዊዞን ቦቤ የፈረንሳይን ዙር በ1953፣ በ1954ና በ1955 በተከታታይ አሸንፏል። በሦስተኛው ድሉ ጊዜ ግን በዚሁ ቁስል እየተሠቃየ ነበር የጨረሰው፤ ከውድድሩም በኋላ በቀዶ ሕክምና መታከም ግድ ሆነበት፤ በ1956 በተደረገው ዙርም አልተሰለፈም። አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ ደግሞ በ1987 የስፔንን ዙር እየመራ ሳለ ውድድሩ ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው በዚህ ቁስል ምክንያት ተወው። ያን ቀን ብዙ ሰው አዝኖለት ይሆናል፤ ነገር ግን በ1988 ተመልሶ ያንኑ ውድድር አሸነፈ። ማረፍ መሸነፍ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ መከላከያውን በአጭሩ ልናገር።

አንደኛ፤ ኮርቻን ማስተካከል ነው። ፔዳሉ ወደ ታች ሲደርስ ጕልበት በጥቂቱ መታጠፍ አለበት። ኮርቻው ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ዳሌ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ መወዛወዙም ቆዳን ይፍቃል። ኮርቻው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳያዘነብል ደልደል ይበል። ደግሞም በጣም ለስላሳና ወፍራም ኮርቻ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ ሰውነት ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ጫናው ከአጥንት ወደ ለስላሳው ሥጋ ይዞራልና። ከንዳት በኋላ የሚደነዝዘው ሰው ካለ ኮርቻው ስላልተስማማው ነው፤ ዝም ብሎ አይለፈው።

ሁለተኛ፤ ልብስ ነው። ውስጡ ስፖንጅ ያለበት የቢስክሌት ቁምጣ ከሁሉ ይሻላል፤ ከሥሩም የውስጥ ሱሪ አይለበስም፤ ስፌቱ ይልጣልና። ገንዘቡ የሌለን ተማሪዎች ከሰውነት ጋር ልክክ የሚል፣ ወፍራም ስፌቱ ከመቀመጫ በታች የማያልፍ ቁምጣ እንምረጥ። ጂንስ ለብሶ ረዥም መንገድ መንዳት ግን ቁስልን መጥራት ነው። ለመንገደኛ ቅባትም ይጠቅማል፤ ከጕዞ በፊት በሚፋተገው ቦታ ላይ ቫዝሊን ወይም ለዚሁ የተሠራ ቅባት በስሱ መቀባት ፍትጊያን ይቀንሳል።

ሦስተኛ፤ ንጽሕና ነው። ከቤት እንደ ገባን ላብ ያራሰውን ቁምጣ ለብሰን ወሬ አንያዝ። ወዲያው አውልቀን፣ በውሃና በማያቃጥል ሳሙና ታጥበን፣ ሳንፈትግ በንጹሕ ፎጣ እናድርቅ። ቁምጣው ሳይታጠብ ሁለተኛ አይለበስም፤ ታጥቦም ፀሐይ ላይ ፈጽሞ ይድረቅ። ፎጣ፣ ቁምጣና ቅባት መዋዋስ የጓደኝነት ምልክት አይደለም፤ ጀርም ማካፈል ነው።

አራተኛ፤ ልክን ማወቅ ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ቆዳም እንደ ጡንቻ ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬ 20 ኪሎ ሜትር የነዳ ነገ 100 አይዝለል። በጕዞ ላይም በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ከኮርቻው ጥቂት ብድግ ብሎ ለቆዳው ዕረፍት ይስጠው።

ቁስሉ ከጀመረስ? ከሁሉ በፊት ጥቂት ቀን ከኮርቻ መውረድ ነው። ቦታውን አጥቦ አድርቆ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ ይገባል። ብጉር ወይም እባጭ የሆነ እንደ ሆነ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ፣ ነገር ግን በማያቃጥል ውሃ ነክሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ማሳረፍ ሕመሙን ያቀላል። በጥፍር መጭመቅ፣ በመርፌ መውጋት፣ ሎሚ፣ አመድ ወይም አልኮል ማድረግ ግን ጕዳት ነው። ከጓደኛ የተረፈ እንክብል መዋጥም እንደዚሁ። እብጠቱ ከጨመረ፣ ቅላቱ ከተስፋፋ፣ ትኵሳት ከመጣ፣ በጥቂት ቀን ካልተሻለ ወይም በዚያው ስፍራ እየተመላለሰ ከወጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውማ ከመጀመሪያው መዘግየት የለበትም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ አነካከሱን ሲለውጥ ስታዩ በቍጣ ሳይሆን በዝግታ ጠይቁት። በተለይ ሴቶች እኅቶቻችን በክበባችን ውስጥ እየበረከቱ ነውና፣ ይህን ነገር ለእናት ወይም ለሴት መምህር ያለ ፍርሃት መንገር እንዲችሉ አድርጉልን።

አሠልጣኛችን የኔን ነገር ከሰማ በኋላ አንድ ሕግ አወጣልን፤ ከረዥም ጕዞ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ጠርቶ ይጠይቃል፤ ቁስሉን ተናግሮ ያረፈም ተራውን አያጣም። ይህ ሕግ ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ቅባት የበለጠ ጠቅሞናል፤ ቁስሉን ያባባሰው ፍርሃታችን ነበርና።

ዘንድሮም ወደ ጎንደር እንሄዳለን። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። በዚህ ጊዜ ግን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ የምገባው ኮርቻዬ ላይ ተቀምጬ ነው፤ የሚያመኝ ከሆነም ገና ከመነሣታችን በፊት እናገራለሁ።