ትኩሳቱ ከየት መጣ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ)



የእኔ ሙያ ሒሳብ ነው፤ ስለ በሽታ የምናገረው የራሴ ደረሰኞች አስገድደውኝ ነው። ባለፈው ክረምት በብድር የተገዙትን ላሞች ለማየት በአባሎቻችን ግቢ ዞርኩ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና ቁርጥማት ጣለኝ። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። አልተሻለኝም። ሌላው የወባ ምርመራ አድርጎ፣ ወባ ሲያጣ ያንኑ የታይፎይድ መድኃኒት ደገመልኝ። በሦስተኛው ቦታ አንዲት ነርስ ገላዬን ልይ አለች። ከጉልበቴ ኋላ ዙሪያው የቀላ፣ መሃሉ ጥቁር ቅርፊት የያዘ ትንሽ ቁስል አገኘች፤ ብሽሽቴም ላይ ንፍፊት ነበር። «ከከብት ጋር ውለሽ ነበር?» ስትለኝ ነው በጥፍሬ ነቅዬ የጣልኳት መዥገር ትዝ ያለችኝ። ሦስቱ ደረሰኝ ሲደመር ከሦስት ወር ቁጠባዬ በለጠ።

የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል። የሚያመጣው ሪኬትሲያ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ከተነከስን ከ5 እስከ 10 ቀን ቆይቶ ስለሚጀምር ማን ከመዥገሯ ጋር ያገናኘዋል? ቅርፊቱም ስለማያም አይታወቅም፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ኋላና ፀጉር ውስጥ ተፈልጎ ነው የሚገኝ። ቅርፊት የማይወጣበት ሰውም አለ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ያድነዋል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ግን አስቀድማ ለሐኪሙ ትናገር።

ውጭ አገር ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ላይም የተባለውን በሽታ ታስቡ ይሆናል። እሱ ሌላ ነው፤ ምልክቱ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ነው።

በመረዳጃ ሣጥናችን መዝገብ ላይ «ለታይፎይድ» ተብሎ የወጣ ገንዘብ ብዙ ነው። ከእነዚያ ሕመምተኞች የስንቱ ገላ ታይቶ ነበር?

መዥገር ስትነቅሉ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ፣ በክብሪት መለብለብ፣ ቅቤ መቀባት ይቅር። እናቴም በነጭ ጋዝ ነበር የምትነቅለው፤ አልፈርድባትም። በወረንጦ ከቆዳው አስጠግታችሁ ይዛችሁ፣ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ በሳሙና ታጠቡ። በጥፍር አትጨፍልቋት። ከላም ላይ ስትለቅሙም እጃችሁን በጓንት፣ ካልተገኘ በፌስታል ሸፍኑ።

ለቦርዱ ያቀረብኩት የወጪ ጥያቄ ለየቁጠባ ቡድኑ አንድ አንድ ወረንጦ ነው። የተነከሳችሁበትን ቀን በቁጠባ ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉ፤ ትኩሳት ከያዛችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና ሳትጠየቁ አሳዩ።