የልጆቻችን ማቆያና የመንግሥት ድጋፍ፦ መብትም ነው፣ አማናም ነው
(ለጀመዓው ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የደይ ኬር ክፍያ ነው። «ይህ ደግሞ የመስጊድ ጉዳይ ነውን?» የሚል ቢኖር መልሴ አዎን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከምንኖረው መካከል ብዙው ታክሲ የሚነዳ፣ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራ፣ የሆቴል ክፍል የሚያጸዳ፣ ወይም አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከብ ነው። ለአንድ ሕፃን ማቆያ የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ የቤት ኪራይን የሚያክልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እናት ሥራዋን ትተዋለች፤ ወይም አንዱ ቀን አንዱ ሌሊት እየሠሩ ባልና ሚስት በር ላይ ብቻ ይገናኛሉ፤ ወይም ጡት ያልጠገበ ሕፃን አገር ቤት ላሉት አያቱ ይላካል። ሱረቱል በቀራ በ233ኛው አንቀጽ እናትና አባት በልጃቸው ላይ ያለባቸውን ኃላፊነት ሲደነግግ፣ ማንም ከዐቅሙ በላይ እንዳይገደድ ጭምር ነው። እንግዲህ ቤተሰብ ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት ዝም ማለት ለእኛ አይገባም።

የታሪክ ሊቃውንት የዘገቡትን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በኸሊፋው በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን ለሕዝቡ ከበይተል ማል ድርጎ ይከፈል ነበር። ለሕፃናት የሚሰጠው ግን ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ነጋዴዎች መዲና ላይ ሰፍረው ሳሉ ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ጋር ሊጠብቋቸው ወጡ። የሕፃን ለቅሶ ሰሙና እናቲቱን እንድታባብለው አሳሰቧት። ለቅሶው ግን አልቆመም፤ እርሳቸውም ደጋግመው ተመለሱ። በመጨረሻ ሴትየዋ ማንነታቸውን ሳታውቅ፣ ዑመር ጡት ላልጣለ ልጅ ድርጎ ስለማይሰጥ ልጇን ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። በዚያ ማለዳ ፈጅርን ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ሰዉ ቂርኣታቸውን መለየት አልቻለም ይባላል። ከዚያም ልጆች ያለጊዜያቸው ጡት እንዳይጥሉ፣ ድርጎውም ከተወለዱበት ዕለት ጀምሮ እንዲከፈል አዋጅ አስነገሩ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ለልጅ ማሳደጊያ መርዳት አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ሁለተኛ፣ የእርዳታ ደንብ ራሱ ቤተሰብን ወደማይገባ መንገድ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ደንቡን ማወቅ ግዴታችን ነው። እርዳታው ይቀርብኛል በሚል ስጋት የደመወዝ ጭማሪ ወይም ተጨማሪ ሰዓት እምቢ የሚሉ ወገኖች ዛሬም አሉ።

እንግዲህ በዚህ አገር ያለውን በአጭሩ ልግለጽ።

የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የፌዴራል ሕግ የተመሠረተው የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ድጋፍ ነው። ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ወላጆቻቸው ለሚሠሩ ወይም ለሚማሩ ልጆች ነው። የገቢው ጣሪያ በፌዴራል ሕግ የክፍለ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ 85 በመቶ ሲሆን፣ ክፍለ ግዛቶች ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሕጉ በ2014 ሲታደስ የተጨመረውን ልብ በሉ፤ አንድ ጊዜ የተፈቀደለት ቤተሰብ ቢያንስ 12 ወር ይቆይለታል። ገቢው ከፌዴራሉ ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ በመሃል ደመወዝ ስለተጨመረለት አይቋረጥበትም። ሥራ ያጣ ሰውም ሌላ እስኪፈልግ ቢያንስ 3 ወር ይሰጠዋል። ከዚህም ሌላ ወላጅ የሚቀበለውን የክፍያ ወረቀት ይዞ ማቆያውን ራሱ ይመርጣል። ደይ ኬር፣ ፈቃድ ያላት እህት በቤቷ የምትጠብቅበት፣ በሃይማኖት ተቋም ሥር ያለ ማቆያ፣ ደንቡን አሟልታ የተመዘገበች አያት ወይም አክስትም ልትሆን ትችላለች። ስለ ሐላል ምግብና ስለ ልጆች አደብ ለምንጨነቅ ይህ ትልቅ በር ነው።

ሁለተኛው፣ በ1965 የተጀመረው ሄድ ስታርት ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በነጻ ይሰጣል። በ1994 ደግሞ እርጉዝ እናቶችንና ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን እንዲያካትት ተደርጓል።

ሦስተኛው፣ የዲሲ ነዋሪዎች በ2008 በወጣው ሕግ ምክንያት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆቻቸውን በሕዝብ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ያስተምራሉ፤ ገቢም አይጠየቅም። ቦታው የሚገኘው ግን በዕጣ ስለሆነ ቀኑ ሳያልፍ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ለሁሉ አይበቃም። ሜሪላንድ በሜይ 2025 አዲስ አመልካቾችን መቀበል ለብዙው ሰው አቁማ ነበር። በሌላም ስፍራ ወረፋ አለ። ስለዚህ ልጅ ሳይወለድ ጠይቁ፤ በወረፋው ተመዝገቡ፤ ከቢሮው የሚመጣ ደብዳቤ ሳይከፈት አይደር። ስለ መኖሪያ ፈቃዳችሁ ጥርጣሬ ያላችሁም ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ በግልጽ የምናገረው አለኝ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ወደ እኔ የሚመጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «ይህ ልመና ነው፣ ክብሬን ይነካል» ይላል። ለእርሱ የምለው፣ ታክስ ትከፍላለህ፣ ሕጉም ለአንተ ዓይነቱ ቤተሰብ የወጣ ነው፤ ኩራትህን ልጅህ አይክፈልልህ። ሌላው ደግሞ በጥሬ ገንዘብ የሚያገኘውን ይሸሽጋል። ወይም በኒካሕ የተሳሰረ ባል ከቤት እያለ ሚስት ብቻዋን እንደምታሳድግ አድርገው ይጽፋሉ። ይህ ውሸት ነው። ፊርማ ቃል ኪዳን ነው፤ ከሙስሊም ላልሆነ መንግሥት የተገባ ቃል ኪዳንም ይጠበቃል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሐሰተኛው የሚወስደው ከሌላ ድሃ ልጅ አፍ ነው። በሕግ ቢያዝም ገንዘቡን ይመልሳል፤ ስሙ ይጠፋል፤ ለሌሎቻችንም ጥርጣሬ ይተርፋል።

የተፈቀደለትም ቢሆን ብዙ ጊዜ የወላጅ ድርሻ ይከፍላል፤ ወረፋ ላይ ያለው ደግሞ ሙሉውን ይከፍላል። እዚህ ላይ ተራው የእኛ ነው። ሱረቱ ተውባ በ60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ክፍሎች ሲዘረዝር በፉቀራኦችና በሚስኪኖች ይጀምራል። ሥራ እየሠራች ለልጇ ማቆያ ያጠራት እናት ከእነዚህ ውጭ ናት የሚል ማን ነው?

ስለዚህ ለኮሚቴያችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከዘካው የተወሰነው ለወላጅ ድርሻ ለተቸገሩ፣ ስማቸው ሳይነገር ይሰጥ። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ወጣቶቻችን በወር አንድ ቀን ፎርም ይሙሉ፤ ያልሆነውን ግን አይሙሉ። ሦስተኛ፣ በቤታቸው ልጅ የሚጠብቁ እህቶቻችን ሕጋዊ ፈቃድ እንዲያወጡ ይረዱ፤ ያኔ እነርሱም ሪዝቅ ያገኛሉ፣ የልጆቻችንም ደኅንነት ይጠበቃል።

ይህን የምታነብ ወንድም፣ ይህን የምታነቢ እህት፦ የተቸገራችሁ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የተረፋችሁ እንደሆነ በጎረቤታችሁ ቤት የሚያለቅሰውን ሕፃን ስሙ።

አላህ ልጆቻችንን ሷሊሖች ያድርግልን፣ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ እጃችንን ለጋሽ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።